የጸሐይነሽ ሰማያዊ ካርድ

ረቡዕ፣ ማርች 5

ዝናብ። መኪናዬን ኡስተር ከተማ ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው ጀርባ አቆምኩ፤ ሌላ ቦታ የለማ። ከዚያ እስከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ጤነኛ ሰው ሲጋራ ሳይጨርስ ይደርሳል። እኔ አጥር ተደግፌ አረፍኩ፣ አበባ መሸጫው መስኮት ጋ አረፍኩ... ሻጯ አበባ ወዳድ መስያታለሁ። ኤም ኤስ የሚሉት የነርቭ በሽታ ደግነቱ አለመታየቱ ነው። ክፋቱም እሱ ነው።

ዘግይቼ ገባሁ። አለቃዬ ፍራው ኬለር ቀስ ብላ፣ በትሕትና፦ "እስከ ኦገስት መጨረሻ ይህ ማርፈድ ካልተስተካከለ፣ ሌላ ሰው ለመፈለግ እገደዳለሁ።" ደጃፋችን ላይ የአካል ጉዳተኛ መኪና ማቆሚያ አለ። ቀኑን ሙሉ ባዶ። ከምሠራበት ጠረጴዛ ይታየኛል። እዚያ ለማቆም ሰማያዊው ካርድ ያስፈልጋል። አመልክቻለሁ፤ ነገ ሳምንት መርማሪ ሐኪም ያየኛል።

ማታ ጸሐይነሽ ከጄኔቭ ፎቶ ላከች። ሰማያዊ ካርድ፣ መኪናዋ መስታወት ላይ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር፣ ከሐይቁ አጠገብ። "ጌታ በር ከፈተልኝ!" የተከፈተው እንኳ የመኪና ማቆሚያ ነው... አንድ ዲፕሎማት ቤት አብረን ሠርተናል፤ እሷ ወጥ ቤት፣ እኔ ከልጆቹ ጋር። በኋላ የእሷ ዳሌ ታመመ፣ የኔ ነርቭ። እሷ አገኘች። "ክብር ለጌታ" ብዬ ከነልቡ ምልክት ላክሁላት። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ምርመራው። ምርጡን ካፖርቴን ለበስኩ። ለምን? ተዝረክርኮ ሐኪም ፊት መቅረብ ነውር ስለሆነ። ቀድሜ ደርሼ፣ የእግሬ ጉልበት እስኪመለስ ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀጥ ብዬ ገባሁ። እንደ ሙሽራ።

"እንዴት ነዎት?"

"በጣም ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ሕመሙስ?"

"በእምነት ተፈውሻለሁ።"

እኔ ነኝ ያልኩት? እኔ! ስብከት ሲረዝም መዝሙር መጽሐፉ ውስጥ ልብወለድ ደብቄ የማነበው! ቸርች ውስጥ ሕመምን በአፍ ማወጅ ሕመሙን ቤት ማስገባት ነው ይባላል። አላምንበትም። አፌ ግን ያምናል።

"ምን ያህል ይራመዳሉ?"

"ጌታ እንደረዳኝ።"

ሰውየው የጌታን እርዳታ በሜትር መለወጥ ስላልቻለ፣ ዝም ብሎ ጻፈ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ተከለከልኩ። "አመልካቿ መዳናቸውን ይናገራሉ።" በጀርመንኛ ሲሆን ደግሞ እንዴት ያምራል።

ሥራ ላይ የአካል ጉዳተኞችን የእኩልነት ሕግ ከመደርደሪያ አውርጄ አነበብኩ። አካል ጉዳተኛን አሳንሶ ማየት ክልክል። ፍራው ኬለር መቼ አሳነሰችኝ? እግር ካላቸው ጋር እኩል አየችኝ እንጂ። ሕጉ ይህንንም አልዘነጋም፤ አስፈላጊውን ልዩነት አለማድረግም አድልዎ ነው ይላል። ብልህ ሕግ ነው። ግን "ድኛለሁ" የምትለውን ሴት ምን ያድርጋት?

ለጸሐይነሽ አልነገርኳትም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 27

ጸሐይነሽ ለጉባኤ መጣች። ዲቲኮን፣ የቸርቻችን አዳራሽ በር ላይ መኪናዋን አቆመች። እኔ ማቆሚያ ፍለጋ ሰፈሩን ዞሬ ዞሬ ስደርስ መዝሙሩ አልቋል። ለእሷ ወንበር ይነሣላታል፣ ምርኩዟን የሚይዝላት አለ። ለኔ፦ "ጥሩዬ፣ አንቺ ጤነኛዋ፣ እስቲ ያንን ጠረጴዛ ያዢልን!" ያዝኩ።

ከጸሎቱ በኋላ ጥግ ይዛኝ ሄደች።

"ካርድሽስ?"

"ከለከሉኝ።"

"ምን ብለሻቸው?"

ነገርኳት። ዳሌዋን ይዛ ሳቀች።

"ኧረ አንቺ! ሐኪም ፊት ምስክርነት ሰጠሽ? ሃሌሉያ አላለልሽም?"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

ሳቋ ቆመ። "ሱሪዬን የሚያለብሰኝ ልጄ ሌዊ ነው አልኩ። ከሽንት ቤት የሚያነሣኝም እሱ ነው አልኩ። ሌዊ እዚያው ቁጭ ብሎ እየሰማ... ጎረምሳ ልጅ፣ ጥሩዬ።"

ማዘን ነበረብኝ። አዘንኩም። ግን ከሐዘኑ በፊት ሌላ ነገር ቀድሞ መጣ። ሱሪ የሚያለብሳት ሰው አላት። በዚህም ቀናሁ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ይግባኝ አስገባሁ። ሕጉን አምኜ አይደለም፤ የጸሐይነሽ ጭቅጭቅ በልጦብኝ።

ማክሰኞ፣ ጁን 24

ሁለተኛው ምርመራ። ጸሐይነሽ በጠዋት ባቡር መጣች፣ ምርኩዟን እያንኳኳች።

"አግዳሚ ላይ ማረፍ የለም። እንደደከመሽ ትገቢያለሽ። 'ይመስገን' ካልሽ እቆነጥጥሻለሁ።"

"ባለጌ።"

"ባለጌ ግን ባለ ካርድ።"

የዛሬዋ ሐኪም ሴት ናት። "እንዴት ነዎት?"

"በጣም..."

አጠገቤ የተቀመጠችው ጸሐይነሽ ቆነጠጠችኝ። ለምር።

"ደህና አይደለሁም" አልኩ። በየትኛውም ቋንቋ ብዬው አላውቅም። በዲፕሎማቱ ቤት የታመመች ሠራተኛ ትኬት ተቆርጦላት ትሸኝ ነበር፤ ቸርች ስመጣ ደግሞ እምነት የጎደላት ትባላለች። ግን አንዴ ከወጣ... ሁሉንም ነገርኳት፤ መንገድ ላይ መቀመጤን። አንድ ሽማግሌ፣ ለማኝ መስዬው፣ ሳንቲም ማስቀመጡን፣ ማመስገኔንም። መታጠቢያ ቤት ወድቄ፣ መነሣት አቅቶኝ፣ ሳሎን ውስጥ ስልኬ ሲጠራ ሲጠራ መስማቴን።

"ያን ቀን የደወልኩት እኔ ነኝ" አለች ጸሐይነሽ በአማርኛ። "ገላዬን ስታጠብ ነበር አልሽኝ።"

"ምን አሉ?" አለች ሐኪሟ።

ማናችንም አልተረጎምንላትም።

ዓርብ፣ ጁላይ 18

ካርዱ መጣ። ፎቶው ላይ የተፈረደብኝ እመስላለሁ።

ሰኞ፣ ኦገስት 18

ከዕረፍት መልስ የመጀመሪያ ቀን። ደጃፉ ላይ አቆምኩ። ካርዱን መስታወቱ ሥር አስቀመጥኩ፣ ወረድኩ፣ ገባሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከሁሉ ቀድሜ መብራት ያበራሁት እኔ ነኝ።

ፍራው ኬለር አርፍዳ መጣች። ከባንሆፉ ማዶ አቁማ፣ ዝናብ ይዟት፣ እየሮጠች። ጉንጯ ቀልቶ፣ እየሳቀች። "ደርሰዋል! ጥሩ ነው፣ እንግዲህ ሌላ ሰው አልፈልግም" አለችኝ። ከልቧ ነው። ሥራዬ ዳነ።

እኔ ግን እግሯን አያለሁ። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወደ ቢሮዋ ወጣች። ምንም ሳታስብ! በካርድ መቅናት ቀላል ነበር፤ ማመልከቻ አለው፣ ይግባኝ አለው። ለሚሮጥ እግር ግን ማመልከቻ የለም።

በምሳ ሰዓት ጸሐይነሽ ጋ ደወልኩ። አመሰግናለሁ ልላት ነበር።

"ፍራው ኬለር እየሮጠች መጣች" አልኳት።

"እሺ፣ ምን ሆነች?"

"ምንም። ሮጠች።"

ከወዲያ የትራም ደወል ይሰማኛል።

"አንቺም ትቀኛለሽ?" አልኳት።

"በየቀኑ፣ ጥሩዬ። በየቀኑ።"