በስምንት ደቂቃ የሚደርስ ሳሙና

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ስምንት ደቂቃ። በእጅ ሰዓቴ ያዝኩት። የፓልም ዘይቱ በአንድ በኩል ገባ፣ ኮስቲክ ሶዳው በሌላ በኩል ገባ፣ በስምንተኛው ደቂቃ በወዲያኛው ጫፍ ሳሙና ወጣ። ትልቁ ድስት ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲያፈላው የሚውለው ሳሙና።

አዲሷ ማሽን ከእኔ ቁመት ብዙም የማትበልጥ ቱቦ ናት። ውስጧ ጠመዝማዛ ብረቶች አሉ፤ ዘይቱንና ሶዳውን እየቆራረጡ ያዋህዷቸዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በድስቱ ጊዜ፣ የሚያማስለው ጋሽ በቀለ በየግማሽ ሰዓቱ በጣሳ ናሙና ወደ ላብራቶሪዬ ያመጣልኝ ነበር። ሟሙቶ የመፈተሻ ጠብታ ሲደረግበት ሮዝ ካለ ሶዳው አልተበላም ማለት ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ይቀቀል። ውጤቱ እስኪታወቅ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። እናወራለን። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የሄደው።

ዛሬ አንድ ናሙና ብቻ አመጣ። ከበሩ ላይ «ይኸው» ብሎኝ ተመለሰ። ጠብታው ቀለም አላወጣም፣ ሳሙናው ጥሩ ነው። እኔ ከፋኝ።

ማሽኗ ትምጣ ያልኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ድስቱ ገንፍሎ የጋሽ በቀለን ግራ ክንድ አቃጠለው። የፋብሪካውን ባለቤት ወይዘሮ አለምን ደብዳቤ በደብዳቤ አደረግኳቸው። በድስቱ ውስጥ በርሜል ሙሉ የፈላ ሶዳ አለ፣ በቱቦዋ ውስጥ ግን አንድ ጆግ እንኳ አይሞላም፤ ብትፈነዳ እንኳ ሰው አትጎዳም ብዬ ጻፍኩ። «ሰው» ያልኩት ማንን እንደሆነ አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

አሁንም አንድ ናሙና። አሁንም ንጹሕ።

ወይዘሮ አለም ደስ ብሏቸዋል። ድስቱ ቅዳሜ ተቆራርጦ ይወጣል፣ ቦታው ለማሸጊያ ይሆናል። ማሽኗን አንድ ሰው ይበቃታል አሉ። ጋሽ በቀለ ከሰኞ ጀምሮ ሰበታ መጋዘን ይሠራል።

«እሺ» አለ። ጣሳውን ይዞ ወጣ።

እኔ ከሰዓት በኋላ የታጠቡ ብርጭቆዎችን እንደገና አጠብኩ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። ጋሽ በቀለን ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው፣ እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው «እሱ» የሚሆነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ማሽኗ ታነቀች። የግፊት መለኪያው ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ የወጣው ሳሙና ጠብታዬን እንደ ጽጌረዳ አደረገው። ሶዳው ከነነፍሱ ነው።

ወይዘሮ አለም ተናደዱ። «ድስቱ ይለኮስ። ማሽኗ እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለች ትመለሳለች፣ ድስቱም አይነካም» አሉ።

ተለኮሰ። ጋሽ በቀለ ናሙና ይዞ መጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና። ሐዋሳ ነርስነት ስለምትማረው ልጁ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ወጥ መሥራት ስላለመልመዱ አወራን። ጾም ነው፣ ሽሮዬን ተካፈልን። እንዲህ ከሳቅኩ ቆየሁ።

አሁን እውነቱን ልጻፍ። ማሽኗ ለምን እንደታነቀች ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አውቄዋለሁ። የዘይቱ ቱቦ በውጭው ግድግዳ በኩል ነው የሚመጣው። በብርዱ ዘይቱ መንገድ ላይ ረጋ። ዘይት ሲያንስ ሶዳው ብቻውን አለፈ። ቱቦውን ማሞቅ ነው፣ ሌላ ምንም ተንኮል የለውም።

አልተናገርኩም። ሦስት ቀን ዝም ብል እሱ እዚሁ ይቀራል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ዛሬ ናሙናውን ራሴ ልቀበል ወደ ድስቱ ወረድኩ። ሲያማስል እስከ ዛሬ ቀረብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

ፊቱን አዙሮ ነው የሚያማስለው። እጅጌውን እስከ ጣቱ አውርዶ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ። ድስቱ አንዴ ተፍ ሲል ወደ ኋላ ዘለለ። ሲያየኝ ሊስቅ ሞከረ።

«አሁንም ይፈራሉ?» አልኩት።

«በየቀኑ» አለ።

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ እንዴት አልነገሩኝም?»

«አንቺ ጋ ስመጣ ፍርሃቱ ይለቀኛል። ይዤው መምጣት አልፈለግኩም» አለ።

አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩትና ነገርኩት። ምክንያቱን ትናንት እንዳወቅኩ፣ እንዲቀርልኝ ብዬ እንደደበቅኩ።  የጣሳውን አፍ በአውራ ጣቱ ሲጠርግ ቆየ። አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ድስቱን እናጥፋው» አለና ተነሣ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ከቦይለሩ የምትወጣውን ቀጭን የእንፋሎት ቱቦ አመጣን፣ ከዘይቱ ቱቦ ጋር ጎን ለጎን አሰርናቸው፣ በላዩ አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለልን። እሱ መሰላል ላይ፣ እኔ ከታች ሽቦ አቀባይ። ሲቸኩል አንዴ ስሜን አሳጥሮ «ሰኒ» አለኝ። እንዲያ ብሎኝ አያውቅም።

አምስት ሰዓት ላይ ማሽኗን አስነሣን። መለኪያው ረጋ አለ። ናሙናው ንጹሕ። ከሰዓትም ንጹሕ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ዘይቱ ሙቅ ሆኖ ይገባል። የሥራ ደስታም ደስታ ነው።

ለወይዘሮ አለም ምክንያቱን ረቡዕ ማወቄን ተናገርኩ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ያንን ባይጠይቁኝ» አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ግቢው፣ መሰላሉን ወደተሸከመው ሰው አዩ። ሌላ አልጠየቁኝም። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም። ሰኞ ሰበታ ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ገብርኤል ነው። ሥራው በአምስት ሰዓት አለቀ። በስምንት ደቂቃ ሳሙና ከደረሰ ሰው ምን ይሠራል።

ድስቱን ሲቆራርጡት አላየንም። አብረን ወጣን። ታክሲ አልያዝንም፣ በጭቃው እስከ አስራ ስምንት ማዞሪያ በእግራችን መጣን። ጃንጥላው የእኔ ነው፣ የያዘው እሱ። ግማሽ ጀርባው ረጠበ።

ሱቆቹ ጋ ስንደርስ ቆምኩ። አሁን ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነው።

«ጋሽ በቀለ፣ ከሰኞ ጀምሮ ላላይዎት ነው። እኔ ይህን አልፈልግም።»

አንዲት ሴት ጎመን ተሸክማ በመሃላችን አለፈች። ጃንጥላውን ከፍ አደረገላት። ያቺ ቅጽበት ድስቱ ከሚፈላበት ሙሉ ቀን ይልቅ ረዘመችብኝ።

«ከሰበታ ስመለስ ጦር ኃይሎች ነው የምወርደው» አለ። «አስራ አንድ ተኩል ግድም። እኔ ከዚያ ወደ ቤት አልቸኩልም። ማንም የለም።»

«እኔ ከዘጠኝ ጀምሮ ነፃ ነኝ» አልኩት።

«እንግዲህ ብዙ ትጠብቂያለሽ።»

«ልጠብቅ።»

አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ፣ እንደ ልጅ። ሻይ ቤት ገባን። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እስኪበርድ አልጠጣም፣ እኔም አልጠጣሁም።  እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፤ ልጁ ምን ትል ይሆን፣ እኅቴ ምን ትል ይሆን።

ሰኞ ከዘነበ ታክሲ አይገኝም። በእግሬም ቢሆን ጦር ኃይሎች እሄዳለሁ።