ላፕቶፑ እሺ ያለው ካርድ

ሐዋሳ፣ ጥር 18 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታቢታ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔና ሃሴት ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ጓደኛሽ ደስታነሽ ነገ ቤይሩት ስትመለስ በእጇ ትሰጥሻለች። ስልክ እያለ ምን አስጻፈው ትዪ ይሆናል። ስልኩ ሰልችቶኛል። በደወልኩ ቁጥር "ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም" ትዪኛለሽ፣ ከዚያ እመቤቴ ጠራችኝ ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ግን አይዘጋም፤ እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው በላፕቶፑ ስትገናኙ ነው። አንቺና ሃሴት እንደ ልማዳችሁ በእጃችሁ ስታወሩ እኔ የምሠራበትን ፔንሲዮን እንግዶች እመዘግብ ነበር። ስትጨርሱ ልጅሽ እጅጌዬን ጎተተችና "የእማዬ ግራ እጅ ዛሬ አላወራም" አለችኝ። ሳቅኩባት። ደክሟት ይሆናል አልኳት። "አይደለም፣ ጠረጴዛው ሥር ደብቃዋለች" አለች። እዚያው አጠገቧ ነበርኩ፤ እኔ ምንም አላየሁም።

በማግስቱ የላፕቶፑ የዋየርለስ መብራት ጠፋ። ፒያሳ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሳሙኤል ከፍቶ አየውና "ካርዱ ተቃጥሏል" አለኝ። ካርድ የሚሉት ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ስስ ነገር ናት፤ ዋይፋዩን የምትይዘው እሷ ናት አሉ። ያን ጊዜ ደውዬ ስነግርሽ ምን አልሽኝ? "ተወው፣ አታሠራው፣ በስልክ እንገናኛለን።" ታቢታ፣ ሃሴት በስልክ ምን ትሰማለች? ጆሮዋ እንደማይሰማ ከእኔ ቀድመሽ ያወቅሽው አንቺ ነሽ፤ የምልክት ቋንቋውንም ቀድመሽኝ ተማርሽ። ተወው ስትዪኝ ነው ልጅሽ ያለችውን ያመንኩት።

ኢንተርኔት ቤቶቹን ዞርኩ፤ ካሜራ ያለው አጣሁ። ከፔንሲዮኑ የኢንተርኔት ገመድ ልሳብ ብል፣ አንቺ በምትገኚበት እሁድ ባለቤቱ ቢሮውን ቆልፎ ይሄዳል። ከውጭ የሚሰካ ዋየርለስ አለ ቢሉኝም የዚያ አሮጌ ላፕቶፕ መሰኪያዎች ሁሉ ተሰባብረዋል፤ ማን እንደሰበራቸው ልጅሽን ጠይቂያት። ስለዚህ ሳሙኤል ከአዲስ አበባ ካርድ አስመጣ። መጠኗ ልክ፣ መሰኪያዋ ልክ። ገጠማት። ስናበራው ማሽኑ ጥቁር ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጽፎ ቀጥ አለ።

"ምን ይላል?" አልኩት።

"ያልተፈቀደ ካርድ ስላለብኝ አልነሳም ነው የሚለው" አለኝ። ለካ ፋብሪካው ራሱ ከመረጣቸው ካርዶች ሌላ አይቀበልም። የአምስት ዓመት አሮጌ ላፕቶፕ፣ መታወቂያ ካላሳየህ አትገባም እንደሚል ዘበኛ! ካርዷን ስናወጣት ይነሳል፣ ስንመልሳት ይቆማል። ሳሙኤል አፈረ፤ በዓይኑ ለክቶ እንጂ ካርዷ ለዚያ ማሽን የተፈቀደች መሆኗን አላጣራም ነበር። ሃሴት ፊት ፊቴን ስለምታየኝ መናደድ እንኳ አልቻልኩም።

"ተመሳሳይ ሞዴል የሆነ የሞተ ላፕቶፕ ካገኘህ የእሱ ካርድ ይሠራል" አለኝ። የሞተ ላፕቶፕ ፍለጋ መሃል ከተማን አዳረስኩት። ሰውም ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም።

በዚሁ መሃል ደስታነሽ ለዕረፍት መጣች። ሻይ ጋብዤ ስላንቺ ጠየቅኳት። "ደህና ናት፣ ሥራ ላይ ናት" አለችኝ፤ ዓይኗን ግን ከብርጭቆው አላነሳችም። ስትሄድ ሃሴት "ይህች ሴትዮ ፈርታለች" አለችኝ። አሁን ደብዳቤውን ስሰጣት ደግሜ አልጠይቃትም። ከአንቺ ነው መስማት የምፈልገው።

በመጨረሻ ቡሹሎ መንደር ጋሽ አለሙ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ እንዳላቸው ሰማሁና ሃሴትን ይዤ ሄድኩ። በጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጠውታል። "አንድ ቀን ይሠራል ብዬ ነው ያኖርኩት። ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ ማን ያድነዋል?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ይርዱን እባክዎ፤ ለልጅቷ ትምህርት ነው" አልኳቸው።

ሃሴት ውሸቴን ከፊቴ አነበበችው መሰለኝ፤ ሄዳ ሰውየው ፊት ቆመችና በእጇ ተናገረች። "ምን አለች?" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ከእኔ ሌላ የሚተረጉም የለ።

"የእናቴ እጅ ምን እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ ነው የምትለው" አልኳቸው።

ታቢታ፣ ይህን ነገር በአፌ አውጥቼ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ለሳሙኤልም፣ ለእናትሽም አልነገርኩም። ጋሽ አለሙ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ላፕቶፑን ከነጨርቁ አሸከሙኝና "ካርዱን ወስደህ ሬሳውን መልስልኝ" አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ሳሙኤል ጋ ወሰድነው። ካርዷ ላይ የሚሰኩ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ ጥቁርና ነጭ። ነጩ አልያዝ አለ። ከተበጠሰ አለቀልን አለ ሳሙኤል። ሃሴት የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛ ዓይኗን ከጣቱ አልነቀለችም። እኔ ማየት አቅቶኝ ወደ መንገዱ ዞርኩ። ጠቅ ሲል ነው የሰማሁት። አበራው። ያ ጥቁር ገጽ መጣ ስል አለፈው፤ ሰማያዊዋ መብራት በራች። ሃሴት ሳሙኤልን አንገቱን አቅፋ አልለቅ አለችው። እኔ ግን ፈራሁ። እስከ ዛሬ ካርድ ፍለጋ ስሮጥ ነበር፤ አሁን የቀረኝ ማየት ብቻ ነው።

ቤት ገብተን ይህን ልጽፍ ስቀመጥ ሃሴትን መስታወት ፊት አገኘኋት። ያንቺን ስም ስትጠራ፣ ታውቂያለሽ፣ ሁለት እጇን ወደ ማጅራቷ ወስዳ እንዳንቺ ሻሽ የምታስር ታስመስላለች። ዛሬ ግራ እጇን ሹራቧ ውስጥ ከታ በቀኟ ብቻ ታስረዋለች። ደግማ ታስረዋለች። ምን እያደረግሽ ነው ብላት "እየተለማመድኩ" ብላኝ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ወጥቼ ደጅ አለቀስኩ።

ማን ምን እንዳደረገሽ አላውቅም። ታክመሽ እንደሆነም አላውቅም። ተናድጃለሁ፤ ባንቺ ግን አይደለም። እሁድ በተለመደው ሰዓት ላፕቶፑን ከፍተን እንጠብቅሻለን። በቃኝ፣ ልምጣ ካልሽም ቤትሽ ነው፤ ምክንያት አልጠይቅሽም።

በሰው አገር ጌታ ራሱ ዘመድ ይሁንሽ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ እጅ ይሰውርሽ።

ባለቤትሽ
እስራኤል

ሃሴት ከታች እኔም ልጻፍ ብላለች፦

እማዬ እሁድ ነይ። እኔም በአንድ እጅ ማውራት ችያለሁ። አትደብቂው።