አንዱን የሲጋራ ዓይነት ብቻ ስለሚቆጥረው መለኪያዎ

ለክብርት ዶክተር ቶክቶቡቡ ሱራንቺዬቫ፣
የከተማችን የማጨስ ማቆሚያ ክሊኒክ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለከብቶችዎም የለመለመ የበጋ ግጦሽ እመኛለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ታላንትቤክ የሚኒባስ ሹፌር ነው። የእግሩ ደም ሥር በመጥበቡ ቀዶ ሐኪሙ «ማጨስህን ካላቆምክ ቢላ አላነሳም፤ ከዘገየህ ደግሞ እግርህን ታጣዋለህ» ስላለው ወደ ክሊኒክዎ መጣ። ሲጋራም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም እንደሚያጨስ ሳይደብቅ ተናገረ። መልሶችን በነጥብ በሚቆጥረው የሱስ መለኪያዎ «ሱሱ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ማጨስ ለማቆም በነጻ የሚሰጠውን መድኃኒት ስለተከለከለ፣ ምስጋናዬን በሚከተለው ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. «ከእንቅልፍህ ከተነሳህ በስንት ደቂቃ ሲጋራ ትለኩሳለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ከቤት ስወጣ» ብሏል። እኛ ዘንድ ልጅ አባቱ ፊት እንደማያጨስ እርስዎም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ወንድሜ ዓይኑን ሳይገልጥ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚስበው ያንን የሐብሐብ ሽታ ያለውን ኤሌክትሮኒክ ነው። ስለ እሱ ግን የጠየቀው የለም። ለአባታችን ያለውን አክብሮት የጤንነት ምልክት አድርጋችሁ ስለቆጠራችሁልን ቤተሰቡ ኮርቷል።

፪. ስለ ኤሌክትሮኒኩ ራሱ አንስቶ ሲነግራት፣ መልሱን የምትመዘግበው ነርስ «በቀን ስንት ታጨሳለህ?» አለችው። ሲጋራ ያልቃል፣ ይቆጠራል፤ ያኛው ግን ከመሪው አጠገብ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይሳባል። «እህቴ፣ እሱኮ ቶሎ አያልቅም፤ አንዱ ሳምንት ይቆየኛል» ቢላት፣ «እንግዲያማ በሳምንት አንድ ነው፤ ምን አስጨነቀህ?» ብላ ጻፈች። በዚህ አቆጣጠር ግዙፉ ሐይቃችን ኢሲክ ኩልም «አንድ ውኃ» ተብሎ ይቆጠራል።

፫. ቅሬታ ሲያቀርብ ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘው ምክር «የሐብሐብ ጢስህን ተወውና ሲጋራውን በደንብ አጭስ፤ ነጥብህ ሲሞላ ትመለሳለህ» የሚል ነበር። ወንድሜ ታዛዥ ነው። ትናንት ጠዋት፣ «እንደነቃሁ ነው» የሚለው ነጥብ የሚያስገኝ መልስ እውነት እንዲሆን ሲል፣ አልጋው ላይ እንዳለ ሲጋራ ለኮሰ። አባታችን በሩ ላይ ቆመው አዩት። አፍሮ ሊያጠፋው ሲል «አጭስ ልጄ፣ ለመድኃኒቱ ከሆነ አጭስ» ብለው ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተያዩም።

የምንለምንዎ ሁለቱን ጢስ አንድ ላይ መዝነው፣ የእግሩ መቆረጥ ሳይቀድመን መድኃኒቱን እንዲሰጡት ነው።

በመለኪያዎ ጥንቃቄ ተደንቆ ተደንቆ የደከመው አክባሪዎ፣
ኬመልቤክ ጁሱፖቭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቀዶ ሐኪሙ እግሩን ለመቁረጥ ከተገደደ፣ ጉዳቱ በመዝገብዎ «ዝቅተኛ» ተብሎ ቢሰፍር አንቃወምም፤ የሚቆጥሩት አንዱን ብቻ ከሆነ፣ ሌላኛው እግሩ ደኅና ነው።