የፌቨን ሰማንያ ሰዓት

ሰኞ

አልፈረመችም። ዶክተሯ ፎርሙን አገላብጣ አይታ ለፌቨን መለሰችላት። ልጄ ከእንስሳት ክሊኒኩ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጥታ ቦርሳዋን የምሸጣቸው ብርድ ልብሶች ላይ ጥላ ቆመች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

የእንስሳት ሕክምና ለመማር የሚያመለክት ሁሉ ከሐኪም ጋር ሰማንያ ሰዓት መሥራቱን ማሳየት አለበት። ቀን፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የሠራው ሥራ፣ ከታች ፊርማ። ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። ፌቨን ስትደርስ "ገባሁ"፣ ስትጨርስ "ወጣሁ" ብላ ትልክልኛለች፤ እኔ ደብተሬ ላይ እይዛለሁ። ጽሑፏ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል ትናንት ፎርሙን ራሴ ሞላሁላት። ስርዝ ድልዝ የለውም። እንዴት ኮርቼ ነበር!

"ማሚ፣ በሐበሻ ሰዓት እኮ ነው የጻፍሽው!"

ከትምህርት በኋላ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ የሠራችው ሁሉ፣ በዚህ አገር ሰዎች አቆጣጠር ጠዋት ክፍል ውስጥ በተቀመጠችበት ሰዓት ሆነ። ቅዳሜ ከሁለት እስከ ሰባት የሠራችውማ ባሰ፤ ክሊኒኩ ሳይከፈት ገብታ ሳይከፈት ወጣች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ዶክተሯ "ማነው የሞላው?" ስትላት፣ ፌቨን እናቴ ብል ይብሳል ብላ "እኔ ነኝ" አለች። ስህተቱ ምን እንደሆነ የገባት ታክሲ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ውሸት ተናግራ ወጥታለች።

ማክሰኞ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ማን ግቢ አለኝ?

ፌቨን ሁለት ጊዜ ደወለች፤ ዶክተሯ ኦፕሬሽን ላይ ናት አሏት። ኢሜይል ጻፈች። መልስ የለም።

ባሌ ታደሰ ክሊፕታውን ሰፈር ካለው ሱቁ ደውሎ "አሥራ ሦስት ዓመት እዚህ ኖረሽ ሰዓትሽ ዛሬም ሆሳዕና ነው" ብሎ ሳቀ። ዘጋሁበት። እሱ ራሱ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቁን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከፈትኩ ይል የለም እንዴ! መልሶ ደወለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሂጂና ለዶክተሯ ራስሽ ንገሪያት" አለኝ።

የምፈራው፦
ልጄ አጭበርባሪ ተብላ መቅረቷን።
ዓርብን።
ከእንግዲህ ምንም ነገር በእጄ አለመስጠቷን።

ሌላም አለ፤ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ። ቸርች ውስጥ ሴቶቹ "ፌቨን ዶክተር ልትሆን ነው አሉ" ሲሉኝ "አዎ፣ ጌታ ይመስገን" እላለሁ። የምን ዶክተር እንደምትሆን አልናገርም። የውሻ ሐኪም የምትሆን ልጅ አሳደገች እንዳይሉኝ። አፍሬባታለሁ። እሷ ግን እኔን ላለማሳፈር ዋሸች።

ረቡዕ

ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ለፌቨን አልነገርኳትም፤ ፈተና ላይ ናት።

ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ሰውዬ ድመቱን በልብስ ማጠቢያ ሳህን አቅፎ ተቀምጧል። አንድ ትልቅ ውሻ ይንቀጠቀጣል። እኔም እንደሱ ነበርኩ። የኔ እንግሊዝኛ ብርድ ልብስ ለመሸጥ ይበቃል፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ሲሆን ጠፋብኝ።

ዶክተሯ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። "እኔ ነኝ የጻፍኩት። ልጄ አይደለችም" አልኳት። አልገባትም። የእጅ ሰዓቴን ፈታሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። የግድግዳቸው ሰዓት አሥር ከሃያ ይላል። የኔ አራት ከሃያ። አንዴ የኔን፣ አንዴ ግድግዳውን አየች።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ሁልጊዜ። አገሬ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው።"

አልሳቀችም። "ታዲያ ፌቨን ለምን እኔ ነኝ አለችኝ?"

"ስለ እናቷ" አልኩ። ሌላ የምጨምረው እንግሊዝኛ አልነበረኝም።

ፎርሙን ያዘችና፣ እያንዳንዱን ቀን እንግዳ መቀበያው ላይ ካለው መዝገብ ጋር ሳላስተያይ አልፈርምም አለች። ያልተመዘገበ ሰዓት አይቆጠርም። ደረቅ ሴት ናት። ልጄ እንደሷ ብትሆን ደስ ይለኛል።

ሐሙስ

ሰባ ስምንት! አንድ ቀን የደማ ውሻ ተሸክማ በጓሮ በር ስለገባች ሳትመዘገብ ቀርታለች። ሁለት ሰዓት ጎደለ። ዶክተሯ "ነገ ልክ ስንከፍት ትምጣ" ብላለች፤ ደግነቱ የነገው ፈተናዋ ከሰዓት ነው።

ፌቨን መሄዴን ከዶክተሯ ሰማች። "ለምን ሳትነግሪኝ?" አለች እንጂ አመሰግናለሁ አላለችም። አዲስ ፎርም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እጄን ስዘረጋ፣ "ኖ ማሚ፣ እኔ እሞላዋለሁ" አለች። እውነቷን ነው። ግን አመመኝ። እስክሪብቶውን አቀበልኳትና ወደ ኩሽና ገባሁ።

ዓርብ

"ገባሁ" ብላ ላከች። ሰዓቴ ልክ ሁለት ይላል። ደብተሬ ላይ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። የሰው ደብተር መሰለኝ።

ደንበኛ መጣ፣ "ሳውቦና ማማ" ብሎ በቋንቋው ሰላም አለኝ፤ የትራስ ልብስ ጠየቀኝ፣ አንሶላ ሰጠሁት። ቀጥላ ከቸርች እህት አልማዝ መጋረጃ ልታይ ገባች። "ዶክተራችን እንዴት ናት?" ብላ ጠየቀችኝ።

"የእንስሳት ናት" አልኳት። "የእንስሳት ሐኪም ነው የምትሆነው።"

"የውሻ?"

"የውሻም የላምም።"

አየችኝ። "አባቴ ሁለት በሬ በአንድ ሳምንት ሞቶበት ያን ዓመት ሳያርስ ቀረ። ያኔ እንዲህ ያለች ልጅ የት ነበረች" አለችና ወደ መጋረጃው ዞረች። ስንት ጊዜ ዝም ያልኩት ለዚህ ነበር?

አራት ሰዓት ላይ ፌቨን "ወጣሁ" ብላ ላከች። ከዚያ ምንም የለም። ሩብ ሰዓት አለፈ። ስልኩን ሦስት ጊዜ አነሳሁና አስቀመጥኩ። ፈረመች? አልፈረመችም?

ስልኩ ጮኸ። "ማሚ፣ የዛሬውን ስንት ብለሽ ያዝሽው? ሳልልከው ላመሳክር።"

"ከስምንት እስከ አሥር፣ በእነሱ" ብዬ መለስኩ።

"ልክ ነው። ፈርማለች። ላክሁት።"

መቀበል አለመቀበላቸውን እግዜር ያውቃል፤ መልሱ ወራት ይፈጃል አሉ። ደብተሬን ግን አልዘጋሁትም። ቅዳሜ እሠራለሁ ብላለች፤ ሰዓቱ ባይቆጠርም።