የሦስት ቀን ጾም ለአንዲት ዓሣ

ሐሙስ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሰዓት በኋላ። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም፤ ከቃሊቲ በኩል የሚነሣው አቧራ መስኮት አያስከፍትም። ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ባሌ ኦላናና እናቱ እማማ አደሴ ነን። አራተኛዋ ዓሣዋ ናት፤ በጋቢ ተሸፍናለች፤ በሕይወት ትኑር አትኑር አናውቅም።

እታለም ፀሐይቱ፣ እንደምን ከርመሻል? የጅቡቲ ሙቀት ከአሁኑ ጀመረሽ ወይስ ትንሽ ታገሠሽ? ጉልበትሽስ? ባለፈው ሹፌሩ ጂራታ የባሕር ውሃውን በመኪናው ሲያመጣልን "ደረጃ ስትወጣ ታነክሳለች" ብሎኝ ሐሳብ ሲበላኝ ከረመ። የጋሼ ቀናው ሳልስ ለቀቃቸው? እኛ ተመስገን ነው፣ እንጀራችንን እየበላን አለን። ይህን የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ነው፤ የማወራውን ሁሉ ኦላና ይሰማዋል።

ሕመሙ ግራ ጎኑን ከያዘው ወዲህ ከአልጋ የሚያስነሣው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ በሹፌርነቱ ዘመን ከጅቡቲ ያመጣቸው ሁለት ብርቱካንማ የባሕር ዓሦች። በየጠዋቱ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እግሩን እየጎተተ አኳሪየሙ ፊት ካለው ወንበር ይደርሳል። ሐኪሙ "ካልተራመደ እግሩ ይደርቃል" ብሎኛል። በእኔ ልመና ያልተራመደውን በእነሱ ናፍቆት ይራመድ ነበር። ታዲያ በዚህ ወር አጋማሽ ትንሹ ዓሣ ሞተ። በማንኪያ ሳወጣው ኦላና አየኝና በዚያ በተሳሰረ አንደበቱ "እሷም ከሞተች በቃኝ፤ አታስነሺኝ" አለ። እሱ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው ጾሙ ሲገባ ነው። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ቡናማ ጭቅቅት የመሰለ ነገር ወጣ፤ ከዚያ ድንጋዮቹ አረንጓዴ ፀጉር አበቀሉ። አልጌ ይሉታል። ከምግቡ ቆርቆሮ ጀርባና ስልክ ላይ ከማያቸው ቁርጥራጭ ቪዲዮዎች ለቃቅሜ እንደተረዳሁት፣ የሚያፋፋው ሁለት ነገር ነው፤ ብርሃንና ውሃው ውስጥ የሚበሰብስ ትርፍ ምግብ። መስኮቱን ጋረድኩ። አምፖሉን ቶሎ ማጥፋት ጀመርኩ። በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩ፣ በቀጭን የውሃ ጎማ ሳብኩ፣ ምግቡን በግማሽ ቀነስኩ። ስነቅለው እውላለሁ፣ ብዙም ሳይቆይ እንደ ክረምት ሣር ይመለሳል። ጨዉ አብሮ ስለማይተን፣ የሚተነውን ውሃ የምተካው ኦላና እንዳስተማረኝ በመኪና ባትሪ ውሃ ነው፣ አሲድ በሌለበት በንጹሑ። እሱንም ጠርጥሬ ከሌላ ጋራዥ ገዛሁ። ለውጥ የለም። ጠዋት ጠዋት ዓሣዋ ውሃው ፊት ላይ ወጥታ አፏን እየከፈተች ታለከልካለች፤ ኦላናም እያያት አብሯት የሚያለከልክ ይመስለኛል።

ሰኞ ዕለት ከሳሪስ ገበያ ሳይታሰብ ቶሎ ተመለስኩ። ኦላና ተኝቷል። እማማ አደሴ የአኳሪየሙን ክዳን ከፍተው በሶ ይበትናሉ! "እንኪ እናቴ፣ ይሄ የጾም ነው፤ አይዞሽ ብዪ" ይሏታል። ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

"ምን ታፈጪብኛለሽ?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጄ እንዲድንልኝ 'በዚህ ጾም ፍስክ የሚባል ቤቴ አይበላም' ብዬ ለአቦ ተስያለሁ። አንቺ የባሕር ትልሽን ጠዋት ማታ ትበትኛለሽ። ዓሣ ትል እየበላች ምን ጾም አለ?" ትል የሚሉት አንቺ የምትልኪውን የደረቀ ሽሪምፕ ነው።

"እማማ፣ በሶውን እኮ አትበላውም። ድንጋዩ ሥር ወርዶ ይበሰብሳል። ያ አረንጓዴ የሚወፍረው በእሱ ነው" አልኳቸው።

"እኔ ነኝ የገደልኩት ነው የምትይኝ?" ግን እጅ አልሰጡም። "በነነዌ ጊዜ ከብቱም ጾሟል! ዓሣ ከከብት ትበልጣለች?"

ያን ጊዜ ነው ብልጭ ያለልኝ። "የነነዌ ከብቶች ሦስቱን ቀን ምን በሉ?" አልኳቸው።

"ምን ይበላሉ! አልቀመሱም።"

"እንግዲያው እሷም አትቅመስ። በሶም፣ ትልም። ሦስት ቀን።"

ይህን የምለው ለክርክር ብዬ አልነበረም፣ እታለም። አኳሪየሙን ሦስት ቀን ጨለማ ውስጥ ማቆየት አልጌውን እንደሚያስርበው፣ ጤነኛ ዓሣ ደግሞ ያን ያህል ያለ ምግብ እንደምትችል ካየሁ ቆይቻለሁ። ፈርቼ ነው የተውኩት። ይህቺ ጤነኛ አይደለችም። አልጌው ሲሞት ደግሞ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል። ኦላናስ ሳያያት እንዴት ይሰነብታል? እማማ ግን አንገታቸውን ደፍተው ትንሽ አሰቡና የለበሱትን ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ። "በዚህ ሸፍኚው" አሉ። የሽሪምፑን ቆርቆሮም "እጅሽ እንዳያመልጥሽ" ብለው ወስደው ደበቁት።

ማክሰኞ ጠዋት እጄ የደረሰበትን ሁሉ ነቅዬ፣ የበሰበሰውን በሶ በጎማ ስቤ አውጥቼ ሸፈንኩት። ኦላና ዓይኑን ሲገልጥ ነጩን ጋቢ አየና "ገነዛችኋት?" አለኝ። ባስረዳውም አልሰማኝም። ከዚያ ወዲህ ከአልጋው አልወረደም።

ትናንት ደግሞ መብራት ጠፋ። ለውሃው አየር የሚሰጠው ፓምፕ ዝም ሲል ቤቱ የቆመ መሰለኝ። የጋቢውን ጫፍ ከፍ አድርጌ፣ ውሃው አየር እንዲያገኝ በጆግ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አፈሰዋለሁ፤ ትከሻዬ እስኪዝል። እማማ "እጅሽ ወለቀ፣ አምጪው ወዲህ" ብለው ነጠቁኝ። "በዚህ ዕድሜዬ ለዓሣ ወተት ልናጥ!" እያሉ ሲያፈሱ፣ ኦላና ከአልጋው ላይ "ከፍ አድርጊው እናቴ፣ ከፍ!" አለ። ከማክሰኞ ወዲህ የተናገረው ይህንን ብቻ ነው። እየተቀባበልን መብራት እስኪመጣ ቆየን። ዓሣዋን አላየኋትም። ዛሬም ብርሃን እንዳይገባ ብዬ አልገለጥኩም፤ ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ብለጥፍ የሚሰማኝ የፓምፑ ድምፅ ብቻ ነው።

ነገ ጠዋት ይገለጣል። ጂራታም ነገ ጠዋት ወደ እናንተ ስለሚወርድ ደብዳቤውን እስከዚያ አላሽገውም። ባዶ ጀሪካኖቹን ልኬልሻለሁ፤ ጉልበትሽ ከፈቀደ እንደ ልማድሽ ከወደቡ ርቀሽ፣ ዘይት ከሌለበት ሙዪልኝ። ዓሣዋ ሞታ ካላስፈለገም ጂራታ በቃሉ ይነግርሻል።

ጋሼ ቀናውን ባሉበት ሳሚልኝ፤ ለሳላቸው ማር ከጤና አዳም ጋር ይሞክሩ። ሶሊያናን ፈተናዋን ሳትፈራ እንድትቀመጥ ንገሪያት። የአብስራ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ለብቻው እንዳይሄድ አደራ። እማማ አደሴ "ጉልበቷን እግዜር ይማርልኝ" ይሉሻል። በኦላና ፈንታ እኔ ሰላም ብዬሻለሁ።

እህትሽ በላይነሽ
ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አቃቂ ቃሊቲ

ዓርብ፣ መጋቢት 26፣ ጠዋት። ጂራታ ታች ሆኖ ክላክስ እያደረገ ስለሆነ ያደረግኩትን ብቻ ልጻፍልሽ።

ብርሃኑ ድንገት እንዳይመታት መጋረጃውን ዘጋሁ። ጋቢውን ከአንድ ጥግ ጀምሬ ቀስ ብዬ አነሣሁ። አልጌው ነጥቶ፣ እንደ ተነከረ ጥጥ ላልቷል። ዓሣዋ የለችም። የሞተውን በጎማ እየሳብኩ ወደ ባልዲ አወጣሁ። የፓምፑን ስፖንጅ እዚያው ባልዲው ውስጥ አጠብኩ። አንቺ ከሞላሽው የቀረኝን አንድ ጀሪካን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። አሁንም የለችም። ከኋላዬ እግር ሲጎተት ሰማሁ፤ ዞሬ አላየሁም፤ ጀሪካኑን አስቀምጬ ወንበሩን ብቻ አቀረብኩ። ኦላና ተቀመጠና "ከታች፤ ከጥቁሩ ድንጋይ ኋላ" አለ። ተንበርክኬ ተመለከትኩ። ብርቱካንማው ጅራቷ ይንቀሳቀሳል።

እማማ አደሴ ቆርቆሮውን ከፍራሻቸው ሥር አወጡ። "ሦስት ቀኗን ጨርሳለች፤ ትፈስክ" አሉ። ክዳኑን ከፍቼ በደካማው እጁ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩለት፤ በቀኙ ቆንጥሮ በተነ። እማማ ፍስኩን ላለማየት ፊታቸውን ወደ መጋረጃው አዙረው "በላች?" ይሉኛል። "ቆዩ እስቲ እማማ" አልኳቸው። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

"በላች" አልኳቸው።