ያላበጠው ክንዴ

ዳንግላ፣ ኅዳር 18 ቀን 1955 ዓ.ም.

እህቴ ይታይሽ በሥጋ ደዌ ከሞተች ነገ አርባዋ ነው። በተቀበረች ሳምንት የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ክንዴን በመርፌ ወግቶኝ ነበር። «የተወጋው ቦታ በወሩ ካበጠ ሰውነትህ ይህን በሽታ ይመክታል ማለት ነው። ካላበጠ ግን እንጃ» አለኝ። ወሩ ዛሬ ሞላ። ከትምህርት ቤት እንደተመለስሁ እጅጌዬን ሰብስቤ ደጋግሜ ዳበስሁት። ልሙጥ ነው።

እናቴ አየችኝና ክንዴን ይዛ አገላበጠችው።

«እሰይ! መርፌው ምልክት እንኳ አልተወብህም። ሚካኤል አንተን አተረፈልኝ» ብላ ሳመችው። ይታይሽ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ገና ዛሬ ነው።

ድሬሰሩ ያለውን አልነገርኋትም። ነገ ለአርባው የሚመጣውን ሰው ሁሉ «የልጄን ክንድ እዩልኝ» ልትል ነው።