የኮታየሙ ሰውዬ

ሰኔ 6

ሰኞ። ሥራ ከቀረ ወዲህ ሰኞ ለምን እንደሚመጣ አላውቅም... ይመጣል ብቻ። የነዳጅ ዋጋ ወደቀ አሉና ፋይል ሳደራጅ የኖርኩበት የነዳጅ ኩባንያ ፎቅ ግማሹ ባዶ ሆነ። እኔም ወጣሁ።

አርያም ለሥራ ፈላጊዎች የሚሰጥ ሥልጠና ላይ አስመዝግባኛለች። "ማሚ፣ ጀስት ጎ! ሰው ሚት ታደርጊያለሽ" አለች ይቺ ልጄ። ሄድኩ። አንድ ጸጉሩ የሸበተ ህንዳዊ መሐንዲስ አጠገቤ ተቀመጠ። አሠልጣኟ "ራሳችሁን እንዴት ነው የምትሸጡት?" ስትል ዘንበል አለና በአማርኛ፦ "እኔን ደግሞ ማን ይገዛኛል፣ ሙች!"

ሙች አለ! ህንዱ! ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስሜን አይቶ ነው ለካ። ደብረ ማርቆስ ነው ያደገው። እናትና አባቱ ኬረላ ከምትባል የህንድ ክፍለ ሀገር መጥተው ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ስሙ ኩሪየን። እስክንወጣ ድረስ ሳቅኩ፤ አሠልጣኟ ስትገላምጠኝ ዋለች።

ሰኔ 15

ሬዙሜ አስተካክሉ ተባልን። ኩሪየን በወረቀቱ ጀርባ የኬረላን ካርታ ሣለልኝ። በባሕርና በተራራ መሃል የተጋደመች ቃሪያ ትመስላለች። "እዚህ ቁንዶ በርበሬ፣ እዚህ ሄል፣ እዚህ ሻይ... እዚህ ደግሞ እኔ" ብሎ የወላጆቹ ከተማ ኮታየም ላይ ነጥብ አደረገ። የጥንት መርከበኞች ለዚያ ቁንዶ በርበሬ ሲሉ በቀይ ባሕር ይመላለሱ ነበር አለኝ። ለቅመም ብሎ ያን ሁሉ ባሕር? ለነገሩ እኔም ለበርበሬ ስል ከሰፈሬ ከሲቲስኬፕ ከተማውን አቋርጬ እሄዳለሁ።

ሬዙሜዬ አልተስተካከለም።

ሰኔ 28

ተጣላን። ደስ የሚል ጥል። "ሐዋርያው ቶማስ እኛ አገር መጥቶ ሲያጠምቀን እናንተ የት ነበራችሁ?" ብሎ ተኮፈሰ። ቤተ ክርስቲያኖቻችን እኮ እህትማማች ናቸው፣ ኦርቶዶክስ ነው እሱም። ቶሎ አልኩና "ጃንደረባውስ? ፊልጶስ ያጠመቀው?" አልኩት። አሰበ... አሰበ... ሁለት እጁን አነሳ። አሸንፌ ቤቴ ገባሁ!

ሐምሌ 17

ከከተማው ወጣ ብሎ ቸስተርሚር ሐይቅ ወሰደኝ። "ይኼን ሐይቅ ተመልከቺ፣ ክረምቱን ቀንሺለት፣ ዳር ዳሩን የኮኮናት ዛፍ ትከዪ፣ ቤት የሚያክል ጀልባ ላይ ተኝተሽ እደሪ። ኬረላ እሱ ነው።" ቀጥሎ የጀልባ ውድድራቸውን ነገረኝ። እንደ እባብ የረዘመ ጀልባ ላይ መቶ ሰው ተደርድሮ፣ እየዘፈነ፣ እኩል ይቀዝፋል አሉ። መንገሩ አልበቃው ብሎ አግዳሚ ወንበሩ ላይ እንደ ፈረስ ጉብ አለና ጮክ ብሎ እየዘፈነ አየሩን ይቀዝፍ ጀመር። ውሻ የሚያናፍሱት ሁሉ ቆመው አዩት።

እኔስ? ከኋላው ተቀምጬ ቀዘፍኩ። በሃምሳ አራት ዓመቴ! ቀሚስ ለብሼ! እግዜር ይይልኝ።

ሐምሌ 25

አርያም ስልኬን አየችው። በኬረላዋ ኮቺ ከተማ ባሕሩ ዳር የተተከሉ የቻይና ዓሣ ማጥመጃ መረቦች... እንደ ትልቅ ሸረሪት ወደ ውሃው እየወረዱ ዓሣ ይዘው ይወጣሉ። ስንት ቪዲዮ እንዳየሁ እንጃ። "ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ይሄ ጆብ ሰርች ነው?" አለችኝ። ስልኬን ነጠቅኳት።

ነሐሴ 8

ተናገረ።

ሥራ የለም፣ ቤቱን ለቆ በጥቅምት ኮታየም ሊገባ ነው። ልቤ ወርዶ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ፦ "አብረሽኝ ነይ።"

"ምን ሆኜ?"

"ሚስቴ ሆነሽ ነዋ።"

እሱ ሚስቱ ከሞተች፣ እኔ ባሌን ከፈታሁ ስንት ዘመን አለፈ። ማን ይከለክለናል? ግን የማደርገው ጠፋኝና "ፍልሰታ እኮ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር በጾም ይወራል?" አልኩት።

"እሺ፣ ሲፈታ መልሺልኝ" አለ። ጾም እንዲህ ረዝሞብኝ አያውቅም።

ነሐሴ 17

ቤቱ ሄድኩ፣ ከእናቱ ሊያስተዋውቀኝ። እትዬ አናማ። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ዛሬም ሒሳብ የሚያርሙ ነው የሚመስሉት። "እንደምን ዋሉ እትዬ" ብዬ ዝቅ አልኩ። በእንግሊዝኛ "ተቀመጪ" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው "ብዪ"። በቃ! ያን ያህል ዘመን ደብረ ማርቆስ ኖረው አንዲት የአማርኛ ቃል አላወጡም!

ሲሸኘኝ ኩሪየን ነገረኝ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ አማርኛ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ከማርቆስ ከወጡ በኋላ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ሲፈልጉ ባልና ሚስቱ የሚያወሩበት ቋንቋ ነበር።

እኔ ግን ቁርጤን ነገርኩት። እናትህ ካልወደዱኝ አልሄድም። ሰው አገር ገብቼ የአማት ፊት ሳነብ ልኑር? አይሆንም። "ትወድሻለች፣ ሙች" አለ። ሙች ብቻውን ምን ያደርጋል...

ጳጉሜን 2

እትዬ አናማን ሳስብ ማልቀስ አማረኝ። ከዚያ ኬረላዎች ከአናናስ ወጥ ሲሠሩ በስልኬ አየሁና ሳቄ መጣ። አናናስ!

መስከረም 7

ምነው ዛሬ ባልነቃሁ...

ኦናም የሚሉት የኬረላዎች የመከር በዓል ነበር፣ በአዳራሽ። እንደኛ ዘመን መለወጫ በአበባ ወቅት ነው፤ ወለሉ ላይ በቢጫ አበባ ቅጠል ትልቅ ክብ ሠርተዋል። ሴቱ ሁሉ ነጭ ለብሷል፣ ጥለቱ ወርቅማ። በሐበሻ ቀሚሴ ገብቼ ማንም አልለየኝም! ቦርጫም ሰው ዘውድ ደፍቶ ጃንጥላ ይዞ ገባ። ማሃባሊ የሚሉት ደግ ንጉሣቸው ነው፤ አማልክት ቀንተውበት ከምድር በታች ሰደዱት፣ በዓመት አንዴ ሕዝቡን ሊጠይቅ ይመጣል። ክርስቲያኑም ሂንዱውም እስላሙም አጨበጨበለት። እኔም እንደ እብድ አጨበጨብኩ።

ከዚያ የሙዝ ቅጠል ተዘረጋልን። እትዬ አናማ ከፊታችን። ሃያ ዓይነት ነገር ቀረበ፣ ሁሉም በእጅ ይበላል። ደስ አለኝ፣ ቤቴ የሆንኩ መሰለኝ። ጣፋጩ ሲመጣ ከሙዝ ጋር ፈርከስ አድርጌ፣ ጠቅለል አድርጌ... ኩሪየንን አጎረስኩት።

ጎራሹ ሁሉ እጁን ቅጠሉ ላይ አቆመ።

እነሱ ጋ ለካ በሰው ፊት ጣፋጭ የሚጎርሰው ሙሽራ ነው! በሠርግ ዋዜማ፣ በዘመድ እጅ! ግማሹ አዳራሽ ሳንጠራ ተጋቡ ብሎ አፈጠጠ። አንዷ ሴትዮ እልል አለች (እነሱም እልል ይላሉ!)፣ ሌላው ተቀበላት። ኩሪየን አፉ ሞልቶ መናገር አቃተው።

እትዬ አናማስ? አዩኝ። ቅጠላቸውን አጥፈው፣ ተነስተው ወጡ።

መስከረም 8

አለቀልኝ። ኩሪየን ደጋግሞ ደወለ፣ አላነሳሁም። ምን ያቅበዘብዘኛል?

መስከረም 15

ልጻፍ ብቻ።

እሑድ ነው። በር ተንኳኳ፣ አርያም ከፈተች። እትዬ አናማ! ከዘራ ይዘው፣ ነጭ ለብሰው። ከኋላቸው ኩሪየን፣ ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ።

"ይግቡ፣ ፕሊስ ይቀመጡ" አለች አርያም።

"አልቀመጥም" አሉ። በአማርኛ! እንደ ማርቆስ ሴት! "ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት። ከዘመድ ማን አለ?"

"እ... እኔ ብቻ ነኝ።"

"እንግዲያው አንቺን ነው የምለምነው። እናትሽን ለልጄ ስጪኝ።"

ሙሽራ ሽማግሌ ፊት አይቆምም። ሮጬ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

"በዚያ ቀን ግን ጥለው ወጡ አይደል?" ስትል ሰማኋት ልጄን። ጎበዝ።

"ላለቅስ ነው የወጣሁ። ባሌ ነበር እንደዚያ የሚያጎርሰኝ፣ ማርቆስ የለመደው። ከእሱ ወዲህ ጉርሻ አላየሁም፣ ልጄ።"

አፌን በፎጣ አፈንኩ።

"ባት... ሊወስዷት ነው አይደል? ፋር ነው እኮ" አለች አርያም። ድምፅዋ ቀጠነ። ልውጣ? ልቅር ልበላት?

"አንቺም መጥተሽ ታያለሽ፣ የሚያሳርፍ ቤት አለን። እስክትሰጪኝ ግን እቆማለሁ። ጉልበቴ ደግሞ እንደምታይው ነው።"

ኩሪየን ጉሮሮውን ጠረገ። አርያም የሆነ ነገር በሹክሹክታ አለች፣ አልሰማሁትም። የሰማሁት ከዚያ የመጣውን ነው፦ የሳሎኑ ወንበር ሲጥ ሲል።

ተቀመጡ!